በሬ ያልገባበት ጓሮ

በሬ ሊሸጥ ገበያ የመጣ ሰው ሞፈርና ቀንበር ምን ያደርግለታል? ሀብትነሽ ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ በኋላው በር ስትወጣ ከግድግዳው ተደግፎ ያገኘችው ይህንኑ ነበር፤ ሞፈሩ ከነድግሩ፣ ቀንበሩ ከነማነቆው፣ ማረሻው ተስሎ፣ ጅራፉ እንኳ ሳይቀር። ወንድሟ ክንዱ ትናንት ማታ ጥማድ በሬ እየነዳ ከቡሬ ሲገባ «የፍኖተ ሰላም ገበያ ዋጋው ይሻላል ቢሉኝ ነው» ብሎ ነበር። ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ በጎጃም ምድር በሬ ሻጭ ገመድ ይዞ ይወጣል፣ ገመዱንም ለገዢው መርቆ ባዶ እጁን ይመለሳል። ሞፈር ይዞ ገበያ የወጣ ሰው አልታየም፤ ታይቶም ከሆነ ሳይስቁበት አላሳለፉትም። ሀብትነሽ ግን አልሳቀችም። ቆማ ማረሻውን አየች፣ ቀጥላም ጓሮዋን አየች።

ጓሮውም ዝም ብሎ ጓሮ እንዳይመስላችሁ። ከአባቷ ከመሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ቤት ኋላ ተነሥቶ እስከ ላህ ወንዝ ገደል የሚወርድ ነው፤ ከተማው ገና ወጀት ሲባል ጀምሮ እንዲህ ያለ ጓሮ አልታየበትም። የጎመኑ ቅጠል ዝናብ የያዘውን መንገደኛ ከነአህያው ያስጠልላል። ከዱባዎቿ አንዱን ለበዓል ወደ ደብሩ የወሰዱት ሁለት ዲያቆናት በመንገድ ሦስት ጊዜ ዐርፈዋል፤ ያረፉትም ዱባው ላይ ተቀምጠው ነው። ቃሪያዋን የቀመሰ የጭነት መኪና ሹፌር ደብረ ማርቆስ እስኪደርስ አፉን ከፍቶ ነዳ ይባላል። ያላየ ሰው ነገሩ የተጋነነ ይመስለዋል፤ ያየው ደግሞ ተሸራርፎ ነው የተወራው ብሎ ይቆጣል።

ይህን ሁሉ ያበቀለችው ከሽንዲ ባሏን ፈትታ ወደ አባቷ ቤት ከተመለሰች ወዲህ፣ በዶማ ብቻ ነው። በዶማ ብቻ የምትለዋን ነገር ማለፍ አይገባም። በዚያ አገር ሴት በሬ አትጠምድም። ስለዚህ በዶማ የተቆፈረ መሬት ጓሮ ነው፤ ጓሮም የሴት ነው። የወጣበትን ትሸጣለች፣ የሸጠችውን ትይዛለች፣ ባልም ወንድምም አባትም አይጠይቃትም። በሬ የገባበት ቀን ግን ጓሮነቱ ያከትማል። ማሳ ይሆናል፤ ማሳ ደግሞ እርፍ የጨበጠው ወንድ ነው ጌታው። አንዲት ትልም ትበቃለች። የትም ያልተጻፈ ሕግ ነው፤ ግን የተጻፉት ሕጎች ሁሉ ተደምረው ይህን ያህል አይከበሩም።

ሀብትነሽ በዚያ ማለዳ የወጣችው ለከርሞ የምትዘራውን ልትመርጥ ነበር። በየካቲት እንዲህ ታደርጋለች፤ ከጎመኑ መካከል ግንዱ የወፈረውንና ቅጠሉ ተባይ ያልነካውን እየለየች ለዘር እንዲቀር ቀይ ክር ታስርበታለች። አሳቧንም ጨርሳ ነበር። ለከርሞ ድንቹን ትቀንሳለች፤ ያ ቦታ ሲለቀቅ ካሮትና ቀይ ሥር ትሞክራለች፤ አውቶቡስ የሚቆምበት ሆቴል ያለችው ሴትዮ እንግዶቿ ቀለም ያለው ነገር እየወደዱ አስቸግረዋታልና። ነጭ ሽንኩርቱ ባለበት ይቆያል። ክሩን ከአንዱ ግንድ ላይ እያሰረች ሳለ ከግድግዳው ወዲያ የወንድሟን ድምፅ ሰማች።

«ለከርሞ ጓሮውን በርበሬ እናድርገው አባባ። ጎመንና ድንች ምን ይሆናል? የቡሬን በርበሬ እያዩት አይደል፤ ወርቅ ሆኗል። እኔው አርሼ፣ እኔው ተክዬ፣ ይህን ቤት ቆርቆሮ አለብሰዋለሁ። እሷም ትረፍ እስቲ። እጇ እንጨት ሆኖ ቀረ እኮ።»

 መሪጌታ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ዝምታቸው ረዝሟል፤ ሰው ተኝተዋል ብሎ ሲነሣ ነው የሚመልሱለት።

«ድስቱን ከመገልበጥህ በፊት ወጥ ሠሪዋን መጠየቅ አይሻልም?» አሉ። «እሷ ከገበያ ስትመለስ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተቀምጠን እንነጋገር። የሚበጀው ይደረጋል። እስከዚያ ያ ማታ ሲንኳኳ የሰማሁት ቀንበር ይረፍ።»

ሀብትነሽ ክሩን ቋጥራ ሳትጨርስ ተነሣች። ክንዱ ክፉ ሰው ቢሆን ነገሩ በቀለለ ነበር። ክፉ አልነበረም። ልጆቹ ጎርምሰው ጎጆ ይሻሉ፤ የቡሬው መሬት ደግሞ ለወንድማማች ሲከፈል ከርሞ እንደ ቀበቶ ጠቧል። ሰው ሲጠበው ወደሚሰፋው ማየቱ አይቀርም። ያየው ግን የእሷን ነው። ያን ጓሮ ካጣች በአባቷ ቤት ውስጥ ጨው ለመግዛት እጇን የምትዘረጋ ሴት ትሆናለች፤ አባቷ ያለፉ ዕለት ደግሞ በወንድሟ ቤት ጥግ የምትቀመጥ። ከሽንዲ ባሏን ጥላ የወጣችው እንዲህ ላለመኖር ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ መልስ ማግኘት ነበረባት፤ አባቷ አንዴ ከፈረዱ መልአክ ወርዶ አያስለውጣቸውም።

የዚያን ዕለት ገበያ ጾሙ ሊገባ በመቃረቡ ከሊበንም ከሽንዲም የመጣ ሰው ጢም ብሎበት ነበር፤ መርፌ ቢወረወር መሬት ሳይደርስ ዋጋ ተነጋግሮ ይሸጣል። ሀብትነሽ ቅርጫቷን ያወረደችው እንደ ወትሮው ከዙለይካ አጠገብ ነው። ዙለይካ የነጋዴው የሙሄዲን ሚስት ስትሆን በርበሬና ጨው ትሸጣለች፤ ምላሷ ከምትሸጠው በርበሬ ይብሳል፤ አንዴ ሰው ከሰደበች ያ ሰው በሳምንቱ መጥቶ እንደገና እንድትሰድበው የሚለምናት ዓይነት ናት።

«ዛሬ የጠወለገው ጎመንሽ ነው ወይስ አንቺ?» አለቻት።

«ወንድሜ መጣ።»

«እሰይ! በምን መጣ? በአውቶቡስ?»

«በሞፈርና በቀንበር።»

ዙለይካ ሚዛኗን አስቀመጠች። ሚዛን ማስቀመጥ ለእሷ ለሌላው ሰው ነጠላ አዘቅዝቆ እንደ መልበስ ነው። የምትገዛት ሴት «ኧረ መዝኚልኝ» እያለች ብትጨቀጭቃትም አልሰማቻትም። «እኛን እስላሞቹንስ አላህ አዝኖልን መሬት አልሰጠንም» አለች። «ወንድሞቻችን እንዴት እንደሚወዱን ብታዪ!»

 አንዲት ሴትዮ መጥታ ሀብትነሽን ለሃያ አምስት ሳንቲም ጎመን ስንት እሥር እንደምትሰጣት ጠየቀቻት፤ ሁለት አለቻት፤ ሴትዮዋ ሦስት አለች፤ ሀብትነሽ አራት ሰጠቻት። ዙለይካ ይህን ስታይ ነገሩ የባሰ መሆኑን ተረዳች፤ ሀብትነሽ ለነፍስ አባቷ እንኳ አንድ ቅጠል አትመርቅም ነበርና።

«ጓሮውን አርሶ በርበሬ ሊያደርገው ነው፤ በርበሬ፣ በርበሬ ብቻ ነው የሚለው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አባባ ይጠይቁኛል» አለች ሀብትነሽ። «የኔ ነው ልበል?»

«በይዋ። ‹ያንቺ? አባባ በሕይወት ቆመው?› ይልሻል። በዚያችው ቅጽበት አባትሽን የቀበርሽው አንቺ ሆንሽ።»

«ጌሾ ልትከልበት? ዓመት ዓመት የማይነቀል ነገር ከሆነ…»

«ዛሬ ተክለሽ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ያድግልሻል? ደግሞ በሬው ጌሾ ዓይቶ ጫማውን ያወልቃል መሰለሽ?»

«ላልቅስ?»

«አንቺ? ባልሽን ስትፈቺ ዳኞቹ አለቀሱ፤ አንቺ ግን አላለቀስሽም ሲባል ነው የሰማሁት።» ዙለይካ ሚዛኗን መልሳ አነሣች። «ግን ልንገርሽ፣ ከመጣሽ ጀምሮ በርበሬ በርበሬ እያልሽ ስታማርሪ ነው የዋልሽው። እፊቴ ተቀምጠሽ እንጀራዬን አትስደቢ። በርበሬ ምን በደለሽ? እኔ ቡሬ ስመላለስ የማየውን ልንገርሽ፤ ችግኙን በየጓሮው አፍልታ፣ ውኃ አጠጥታ፣ ኮትኩታ እንደ ልጅ የምታሳድገው ሴት ናት። ወንዱ የሚመጣው ችግኙ ከጸና በኋላ ነው። መጥቶም የኔ ነው ይላል። እንደ ልጁ ሁሉ።»

 ሀብትነሽ ከቅርጫቷ ግማሹ ሳይሸጥ፣ ገበያው ገና ሳይበተን፣ የቀረውን ለዙለይካ ትታ ነጠላዋን አጠበቀችና ተነሣች። ይህን ያዩ ሁሉ መሪጌታ ዐረፉ ብለው ሊያለቅሱ ጥቂት ነበር የቀራቸው።

ከጠጠሩ መንገድ ወርዳ ወደ ቤት ስትቃረብ በሬዎቹን አየቻቸው። ገበያ አልወጡም። አንደኛው ቡራቡሬ፣ ሌላው ቀይ፣ እንደ ሁለት ኮረብታ በጓሮው አጥር ሥር ቆመዋል። ማለዳ ከግድግዳው ተደግፎ የነበረው ቀንበር እዚያው ወርዷል። አጥሩም ተከፍቷል። የጓሮው በር አንዲት ሴት ቅርጫት ይዛ የምታልፍበት ጠባብ ነበር፤ አሁን ከጎኑ እሾሁ ተስቦ፣ እንጨቱ ተነቅሎ፣ ሁለት በሬ ጎን ለጎን የሚያስገባ ቀዳዳ ሆኗል። ክንዱ እሾህ የወጋውን መዳፉን እየመጠጠ ከዚያ ቆሟል።

«ከብቶቹ ወንዝ እንዲወርዱ ብዬ ነው» አላት ሳትጠይቀው።

«ደግ አደረጉ ወንድም ጋሼ» አለችው። ታላቋ ነውና አንቱ ነው የምትለው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ አንቱታዋን አጓድላበት አታውቅም። «ምሳ ላቅርብ፤ ይግቡ።»

ምሳው ላይ ሦስቱም ዝም አሉ። ዝምታው እንዲህ ነበር፦ ጣራው ላይ የምትሄድ አይጥ አሳፍሯት ቆማ ነበር። መሪጌታ መደባቸው ላይ፣ ክንዱ በርጩማው ላይ፣ ሀብትነሽ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠዋል። ቤቱ አንድ ክፍል ሆኖ በመጋረጃ የተከፈለ ነው፤ በአንደኛው ማዕዘን የመሪጌታ ብራና መጻሕፍት በማኅደራቸው ተሰቅለዋል፣ በሌላው የሀብትነሽ የዘር ቅሎች። ሳሩ ጣራ በአንድ ወገን ጠቁሮ ሳስቷል፤ ክንዱ ሲያጎርስም ሲጎርስም ዓይኑ ወደዚያ ይሄዳል። የሚበሉት ከጓሮው የወጣ ጎመን ነው። ክንዱ ሦስት ጊዜ አስጨመረ። ጣፈጠኝ ማለት ግን አልደፈረም፤ ቢል በራሱ ላይ እንደመመስከር ይሆንበታል።

መሪጌታ እጃቸውን ታጥበው ሲያበቁ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ።

«በሉ እንግዲህ» አሉ። «ለከርሞ ጓሮው ምን ይዘራበት?»

ክንዱ ጀመረ። ቀኑን ሙሉ ሲያጠናው የዋለውን ነው የተናገረው። በርበሬው በገበያ እንደሚነጠቅ፤ ነጋዴው ከቤት ድረስ መጥቶ እንደሚጭን፤ ቆርቆሮው ከነምስማሩ እንዴት እንደሚመጣ፤ ዝናብ ሲዘንብ መሪጌታ ከእንግዲህ መጽሐፋቸውን ከማዕዘን ማዕዘን እያዞሩ እንደማይሸሹ። ስለ ልጆቹ አላነሣም፤ አለማንሣቱ ነው የተሰማው። ድምፁ አንዴ ሰለለና «እኔስ ለዚህ ቤት ባዕድ ነኝ?» አለ፤ ያን ሲል ሀብትነሽ አንገቷን ደፋች፤ እውነት አዝና ነበር። አዝናም ግን ጆሮዋ ከውጭ ከሚያመሰኩት በሬዎች ላይ አልተነቀለም።

«አንቺስ ሀብቴ?» አሉ መሪጌታ።

ክንዱ ወገቡን አቀና። የምትለውን ሁሉ ያውቃል፤ ላቤ ነው ትላለች፣ ጾም ሊገባ ነው ትላለች፣ ታለቅሳለች። ለየአንዳንዱ መልስ አዘጋጅቷል።

«ወንድም ጋሼ እውነታቸውን ነው» አለች። «በርበሬ ይሁን።»

ክንዱ ባላጋራው ገመዱን እንደለቀቀበት ሰው ወደ ኋላው ሊወድቅ ነበር።

«ጎመኑም፣ ድንቹም፣ ሽንኩርቱም ይቅር» አለች ሀብትነሽ ቀጥላ። «ካሮትና ቀይ ሥር ልሞክር አስቤ ነበር፤ እሱንም ትቼዋለሁ። ሙሉው በርበሬ ይሁን።»

«ተባረኪ! አላልሁም አባባ? እኅቴ እኮ ልባም ናት!» ክንዱ ይህን ሲል ተነሥቶ በሩ ዘንድ ደርሷል።

«ወዴት ነው ወንድም ጋሼ?»

«ልጠምድ ነዋ! አንድ ዙር ዛሬ ካልተገለበጠ ፀሐይ መች ይመታዋል?»

«በሬ ለምን?» አለች፤ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ጓሮ እኮ ነው። በዶማ እቆፍረዋለሁ። ችግኙንም እኔው አፈላለሁ፣ እኔው እተክላለሁ፣ እኔው እለቅማለሁ። ቆርቆሮውንም አባባ ከዚያው ይገዛሉ። አንቱ ያሰቡት በርበሬ ነው፤ ግን አንቱ ለምን ይደክማሉ?»

ክንዱ ሳቀ። ሳቁን ማንም አልተቀበለውም።

«በርበሬ በዶማ? እስከ ገደሉ ድረስ? ፍልፈል ነሽ?»

«እስከ ዛሬ ማን ቆፈረው?»

«ያ ለጎመን ነው! በርበሬ ጥልቅ እርሻ ይወዳል። እግሩን የሚዘረጋበት…»

«ዶማዬም ጥልቅ ነው።»

«አባባ፣ ይስሟታል? አገር ይስቅብናል! ጥማድ በሬ ደጅ ቆሞ ሴት ልጅ በዶማ…»

መሪጌታ እጃቸውን አነሡ። ዓይናቸው ተከድኗል።

«ክንዱ» አሉ፤ «አንተ የወደድኸው በርበሬውን ነው፤ አይደለም?»

«አዎን አባባ። ለቤቱ ብዬ።»

«ቆርቆሮው የሚገዛው በበርበሬው ነው ወይስ በትልሙ?»

 ውጭ አንደኛው በሬ በቀዳዳው በኩል አንገቱን አስግጎ የጎመን ቅጠል ገነጠለ፤ ሲያላምጥ እቤት ድረስ ይሰማል።

«በ… በርበሬው» አለ ክንዱ።

«እንግዲያማ በርበሬው ተገኘልህ።»

 ክንዱ ቆሞ ቀረ፤ ጆሮው ቀላ። ሀብትነሽ ቀና ብላ ልታየው አልደፈረችም፤ ታላቅ ወንድም በአባት ፊት ሲያፍር ማየት ያስቀሥፋል ይባላል። ክንዱ ግን አልጨረሰም፤ ሰው እንዲህ በቀላሉ መሬት አይለቅም።

«ካልቻለችስ?» አለ ቀስ ብሎ። «ዝናቡ ቢቀድማትስ? ግማሹ ጦም ቢያድርስ? በርበሬም አጣን፣ ጎመንም አጣን ማለት ነው።»

መሪጌታ አሰቡ። ሚዛናዊ ሰው ናቸው፤ ሚዛናዊ ሰው ደግሞ የሚያስፈራው ለዚህ ነው፤ ለሚወደው እንኳ አያደላም።

«ዝናቡ ከቀደማት በሬህ ይገባል» አሉ። «እሷ ዝናቡን ከቀደመች አይገባም፤ በእኔ ዕድሜም ከእኔም በኋላ። ከዚህ በላይ አልናገርም።»

ሀብትነሽ ብድግ ብላ የአባቷን ጉልበት ሳመች፤ ጉልበታቸውን ስትስም የገባችበትን ነገር እየለካችው ነበር። የየካቲት መሬት ሸክላ ነው፤ ዶማ ሲያርፍበት እሳት ይተፋል። ጎመኑ ደግሞ ገና ቅጠሉን እየሰጠ ነው፤ ጾሙ ሊገባ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ የምትጠብቀው ገበያ ይህ ነው። ጎመኑ እስኪያልቅ ብትጠብቅ ቁፋሮው ይዘገያል፤ ከዘገየ ዝናቡ ይቀድማታል። ስለዚህ ዛሬ መነቀል ነበረበት።

«የጾሙ ጎመንስ?» አሉ መሪጌታ እንደሰሟት ሁሉ።

«ጾሙ ያልፋል አባባ።»

ዶማዋን ይዛ ወጣች። ሌላው ሰው ቢሆን ከቤቱ ጥግ ይጀምር ነበር፤ እሷ በቀጥታ ወደ አጥሩ ቀዳዳ ሄደች፤ በሬዎቹ ሊገቡበት ወደነበረው ቦታ፤ እዚያም ጀመረች። የመጀመሪያውን ጎመን ከነሥሩ ስትነቅለው ያሰማው ድምፅ የጨርቅ መቀደድ ይመስላል። ሁለተኛውን ነቀለች፣ ሦስተኛውን። ወዲያው ዶማውን አነሣችና ሰነዘረችው፤ ሲያርፍ የጎረቤቱ ዶሮዎች ዘለሉ፤ ወዲያ ማዶ በላህ አፋፍ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ነጎድጓድ መስሏቸው ሰማዩን አዩ። ጓሉ ተነሥቶ ተገለበጠ። እንደገና ሰነዘረች። አጥር ላጥር የጎረቤት ዓይን ተደረደረ። ጀርባዋ ረጠበ፤ መዳፏ ውስጥ ከአሮጌው ጠባሳ አጠገብ አዲስ ነገር ሲፈነዳ ተሰማት። ያን ያህል ለፍታ ቀና ስትል የቆፈረችው በሬ ለመተኛት አይበቃም። ገደሉ ሩቅ ነው።

ክንዱ ከበሬዎቹ መካከል ቆሞ ሲያያት ነበር። መጀመሪያ ፊቱ ላይ ንዴት ነበረበት፤ ቆይቶ ንዴቱ ወረደና ሌላ ነገር መጣበት፤ ምን እንደሆነ ራሱም ያወቀው አይመስልም። ጋቢውን አውልቆ በቀይ በሬው ጀርባ ላይ ጣለና እጀጌውን እየሰበሰበ ወደ እሷ መጣ።

«በይ አምጪው» አለ፤ እጁን ዘረጋ። «ይህን መደብ ልጨርስልሽ። ወንድምሽ አይደለሁም?»

ልጅ ሳለች ላህ ሞልቶ ሲያጓራ ክንዱ በትከሻው ተሸክሞ አሻግሯታል፤ ያ ትከሻ ነው አሁን ፊቷ የቆመው። ከልቡም ሊሆን ይችላል። ነገ ከነገ ወዲያ ግን «እኔም ቆፍሬበታለሁ» ለማለት አንዲት መደብ ትበቃዋለች፤ እሷ ይህን አወቀች፤ እሱም እንዳወቀች ከዓይኗ አየ። ጎረቤቱ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጓል። ሀብትነሽ ትንፋሿን ሰበሰበች፣ በነጠላዋ ጫፍ ግንባሯን ጠረገች፣ የዶማውን እጀታ ከፊቷ አቁማ በሁለት እጇ ጨበጠችው።

«አንቱማ ይቀመጡ ወንድም ጋሼ» አለችው። «እንግዳ ነዎት።»